ኢ-ሪደርና የመጻሕፍቱ ማስቀመጫ፦ አጭር ታሪክ

ኢ-ሪደር በዋናነት መጽሐፍ ለማንበብ የተሠራ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። እንደማንኛውም ኮምፒውተር አልፎ አልፎ ስታክ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ አጥፍቶ ማብራት፣ ካልረዳም ሪሴት አድርጎ ከፋብሪካ እንደወጣ ማድረግ የተለመደ ነው። ሙሉ ሪሴት ግን በውስጡ የተጫነውን ሁሉ ጠርጎ ያጠፋል። መጻሕፍቱ የሚተርፉት ሌላ ቦታ ቅጂ ካላቸው ብቻ ነው። ቅጂው የት ይቀመጥ፣ በማን እጅስ ይሁን ለሚለው ጥያቄ መሣሪያዎቹ በየዘመናቸው የተለያየ መልስ ሰጥተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ኢ-ሪደሮች ለገበያ ቀረቡ። ኑቮሚዲያ የተባለው ኩባንያ የሠራው ሮኬት ኢቡክ መጽሐፍ የሚጫንበት ከኮምፒውተር በገመድ ነበር፤ መጽሐፉ መጀመሪያ ወደ ገዢው ኮምፒውተር ይወርድና ከዚያ ወደ መሣሪያው ይተላለፋል። መሣሪያው ቢበላሽ ቅጂው ቤት ውስጥ አለ። ተፎካካሪው ሶፍትቡክ በውስጡ ሞደም ስለነበረው ኮምፒውተር አላስፈለገውም፤ በስልክ መስመር በቀጥታ ከኩባንያው ሰርቨር ያወርድ ነበር። ይህ ለአንባቢው ድካም ቢቀንስለትም ግዢውን ሁሉ ከሻጩ ጋር አቆራኘው። ጄምስታር የተባለ ድርጅት በ2000 ሁለቱንም ኩባንያዎች ገዛ፤ በ2003 ደግሞ የኢ-መጽሐፍ ሽያጩን ጨርሶ አቆመ።

የዛሬው ኢ-ሪደር መልኩን ያገኘው ከኢ ኢንክ ስክሪን ነው። የስክሪኑ ሠሪ ኩባንያ በ1997 ከኤምአይቲ የምርምር ሥራ ወጥቶ በማሳቹሴትስ ተመሠረተ። በስክሪኑ ውስጥ በዓይን የማይለዩ እንክብሎች አሉ፤ በየእንክብሉ ያሉት ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ እየተሳቡ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳሉ። አንዴ ቦታቸውን ከያዙ ኃይል ባያገኙም ባሉበት ይቆያሉ። አንድ ቻርጅ ለሳምንታት የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው። ብልሽትን የሚሸፍነውም ይኸው ባሕርይ ነው፤ ስታክ ያደረገ መሣሪያ የመጨረሻውን ገጽ አጥርቶ እንዳሳየ ስለሚቆይ፣ ገጽ ለመግለጥ እስኪሞከር ድረስ ከደህናው አይለይም።

ይህን ስክሪን የያዘው የሶኒ ሊብሪየ በ2004 በጃፓን ተሸጠ። መጻሕፍቱ የሚቀርቡት በኪራይ መልክ ስለነበር ከ60 ቀን በኋላ አይከፈቱም ነበር። ሶኒ በ2006 በአሜሪካ ያወጣው ፒአርኤስ-500 ደግሞ መጻሕፍት የሚጫኑበት ሶፍትዌር ለዊንዶውስ ብቻ የተዘጋጀ ነበር። ሊኑክስ ይጠቀም የነበረው ኮቪድ ጎያል በዚያው ዓመት ለመሣሪያው የራሱን ሶፍትዌር መጻፍ ጀመረ፤ በ2008 ካሊበር የሚል ስም ያገኘው ይህ ነው። ካሊበር እያንዳንዱን መጽሐፍ በአንባቢው ኮምፒውተር ላይ በደራሲው ስም በተሰየመ ፎልደር ያስቀምጣል፤ ወደ ኢ-ሪደሩ የሚልከው ቅጂውን ነው። መሣሪያው በሪሴት ባዶ ቢሆን ዋናው ስብስብ አይነካም።

አማዞን ሌላ መንገድ ያዘ። ኅዳር 19 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. በ399 ዶላር ያወጣው ኪንድል መጽሐፍ በሞባይል ኔትወርክ በቀጥታ የሚገዛበት ነበር፤ የተገዛው መጽሐፍ በኩባንያው ሰርቨር ላይ በደንበኛው ስም ይመዘገባል። መሣሪያው ቢሰረቅ፣ ቢሰበር ወይም ሪሴት ቢደረግ፣ በዚያው አካውንት ሲገባ መጽሐፉ እንደገና ይወርዳል። የመጀመሪያው ኪንድል ሚሞሪ ካርድም ይቀበል ነበር፤ በ2009 የወጣው ሁለተኛው ግን የካርዱን ማስገቢያ አስቀረ።

የዚህ አሠራር ድክመት በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ታየ። የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት፣ «1984»ን እና «የእንስሳት እርሻ»ን፣ የመሸጥ መብት ያልነበረው አሳታሚ በኪንድል መደብር ሲሸጣቸው ተገኘ። አማዞን ገንዘቡን መለሰ፤ መጻሕፍቱን ግን ገዢዎቹ ሳያውቁ ከየመሣሪያቸው ሰረዘ። የኩባንያው መሪ ጄፍ ቤዞስ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ሶኒ በ2014 የሰሜን አሜሪካ መደብሩን ዘግቶ ደንበኞቹን ቆቦ ወደተባለው ሌላ ኢ-ሪደር ሠሪ አዛወረ፤ ማይክሮሶፍት በ2019 የመጻሕፍት ሱቁን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት አብረው ተዘጉ፤ ለገዢዎች ገንዘባቸው ተመለሰ። በየካቲት 2025 ደግሞ አማዞን የተገዙ መጻሕፍትን ከድረ ገጹ ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በዩኤስቢ ማዛወርን አስቀረ።

በእነዚህ ዓመታት የዳበረው የጥገና ልማድ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። መጀመሪያ መሣሪያው በደንብ ቻርጅ ይደረጋል። ቀጥሎ የማብሪያው ቁልፍ በኪንድል 40 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይያዛል፤ ይህ መሣሪያውን እንደገና ያስነሳዋል እንጂ አንድም ፋይል አያጠፋም። ችግሩ የጀመረው አዲስ መጽሐፍ ከተጫነ በኋላ ከሆነ ያ ፋይል ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ይሰረዛል። ሙሉ ሪሴት የመጨረሻው እርምጃ ነው።

ከሪሴት በፊት መሣሪያው በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ባክአፕ ይደረጋል። በኪንድል «ዶኩመንትስ» የሚለው ፎልደር ይገለበጣል፤ በውስጡ ያለው «ማይ ክሊፒንግስ» የተባለ የጽሑፍ ፋይል አንባቢው ያሰመረባቸውን መስመሮችና የጻፋቸውን ማስታወሻዎች ይይዛል። በቆቦ ማስታወሻዎቹ ያሉት በተደበቀው የ«ቆቦ» ፎልደር ውስጥ፣ «ቆቦሪደር» በሚባለው የዳታቤዝ ፋይል ነው።

ከመደብር የተገዛው አካውንቱ ሲከፈት ይመለሳል፤ በገመድ ብቻ የተጫነው ግን አይመለስም። በአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩት በስካን የተዘጋጁ የፒዲኤፍ መጻሕፍት በአብዛኛው ከዚህ ወገን ናቸው። ሻጭ ስለማያውቃቸው መልሶ የሚልካቸው የለም። ለእነሱ ዋስትናው በአንባቢው በራሱ ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ላይ፣ ከሪሴቱ በፊት የተቀመጠ ቅጂ ነው።