አሳጌይኮ፦ የሱሞ የማለዳ ልምምድ

አሳጌይኮ የጃፓን የሱሞ ታጋዮች ቁርስ ሳይቀምሱ የሚያደርጉት ልምምድ ነው። የሚካሄደው ታጋዮቹ አብረው በሚኖሩበት ሄያ በተባለ የሥልጠና ቤት ሲሆን፣ በርካታ ሄያዎች በቶኪዮው የርዮጎኩ ሰፈርና በአካባቢው ይገኛሉ።

ጀማሪዎቹ ቀድመው ወደ ልምምዱ ቦታ ይወርዳሉ፤ ባለ ከፍተኛ ማዕረጎቹ ዘግየት ብለው ይቀላቀላሉ። እግርን ወደ ጎን ሽቅብ አንስተው መሬቱን ይረግጣሉ፤ የእንጨት ምሰሶ በመዳፋቸው ይመታሉ። ቀጥሎ 4.55 ሜትር ስፋት ባለው የሸክላ አፈር ክብ ውስጥ ይጋጠማሉ። ያሸነፈው እዚያው ይቆያል፤ የተቀሩት ቀጣዩ ተጋጣሚ ለመሆን ይሻማሉ።

ጎብኚ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በጸጥታ ይቀመጣል፤ ውስጥ እግሩን ወደ ክቡ አያዞርም። የአራሺዮ ቤት ደግሞ ልምምዱን ከመንገድ በመስኮት በማሳየት ይታወቃል።

በመጋቢት፣ በሐምሌና በኅዳር ታላላቆቹ ውድድሮች በኦሳካ፣ በናጎያና በፉኩኦካ ስለሚካሄዱ፣ ታጋዮቹን ቶኪዮ ላይ ማግኘት ያስቸግራል።