ያልተናበቡ ቁጥሮች፦ የግዕዝ ፊደል በዶስ ዘመን

በሰሜን ጎንደር፣ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ከተማ ስሟ አንዳንዴ ዛሪማ፣ አንዳንዴም ዛሬማ ተብሎ ይጻፋል። ለመንገደኛ ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም፤ የቦታ ስሞችን ለሚመዘግብ ሰው ግን ጸሐፊው ሣልስ ወይም ኃምስ መጻፉ ራሱ ማስረጃ ነው። ይህን የመሰለው ማስረጃ ዶስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ዘመን እንዴት ይጠፋ እንደነበር ለማሳየት እንሞክራለን።

ዶስ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ ተጠቃሚው ማሽኑን የሚያዘው ትእዛዝ በመጻፍ ነበር። መሠረቱ አስኪ የተባለው የ128 ቁጥሮች ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ከነዚህ 33ቱ የመቈጣጠሪያ ምልክቶች ናቸው። አይቢኤም ሠንጠረዡን ወደ 256 ቢያሰፋውም፣ የተጨመረውን ቦታ የአውሮፓ ፊደላት፣ የግሪክ ምልክቶችና የማስመሪያ መስመሮች ያዙት። የእኛ ገበታ 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉበት በዚያ ሠንጠረዥ አይበቃውም። የጽሕፈት መኪናው ይህን ችግር የፊደሉን አካል ከቅጥያው ነጥሎ በመምታት አቃልሎት ነበር። ኮምፒዩተሩ ግን ለእያንዳንዱ ምልክት ቁጥር ይጠይቃል።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ባለሙያዎች የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም መሥራት ሲጀምሩ፣ የጋራ ሠንጠረዥ አልነበረምና እያንዳንዱ አዘጋጅ ለፊደሉ የራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ ፕሮግራም «ሪ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ጉድለት «ተኳኋኝነት ማጣት» የሚለው ስያሜ ተለምዷል፤ እኛ ግን «አለመናበብ» ብንለው እንመርጣለን፤ ፋይሉ አልተበላሸም፣ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

የችግሩ ምልክቶች ልዩ ልዩ ናቸው። የአማርኛ ፋይል በዶስ «ታይፕ» ትእዛዝ ሲከፈት መስመሮችና ጥቁር ሣጥኖች ይደረደራሉ፤ ለምሳሌ በአይቢኤም ሠንጠረዥ 219 ድፍን ሣጥን ነው። ጽሑፉ በመካከል ከተቈረጠ 26 ቁጥርን መጠርጠር ይገባል፤ ታይፕ ይህን ቁጥር የፋይል መጨረሻ አድርጎ ስለሚወስደው፣ 26 የተሰጠው ፊደል ካለ ንባቡ እዚያው ይቆማል። በቪጂኤ ማሽን ሁለት የ256 ስብስቦችን ጭኖ 512 ቅርጾችን ማሳየት ይቻል ነበር። ነገር ግን ፊደሉ ከየትኛው ስብስብ እንደ ሆነ የሚናገረው የስክሪኑ የቀለም መረጃ ነው፤ እሱም ከጽሑፉ ጋር ወደ ፋይሉ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያቀረቡት ሴራ የተባለው ሥርዓት (ምህጻረ ቃል ነው፤ አንባቢ በክፉ እንዳይተረጕምብን!) ግዕዙን በአስኪ ምልክቶች ብቻ ስለሚወክል ከማሽን ወደ ማሽን በደኅና ይጓዛል። ይሁን እንጂ «ተ»ን በትንሹ፣ «ጠ»ን በትልቁ የላቲን ፊደል ይለያል፤ የዶስ የፋይል ስም ደግሞ ትልቅና ትንሽ አያውቅም። «ተራ» እና «ጠራ» በሚል ስም የተቀመጡ ሁለት ፋይሎች በአንድ ማውጫ ውስጥ አብረው ሊኖሩ አይችሉም፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ይጻፍበታል። ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ከዚህ የከፋ አደጋ የለም።

የቆየ ዲስኬት የሚገጥመው ሰው ፋይሉን ከፍቶ መልሶ እንዳያስቀምጥ አስቀድሞ ይጠንቀቅ፤ ግልባጭ ያውጣ። ከዚያ የፕሮግራሙን ሠንጠረዥ ይፈልግ፤ ካጣም የታተመውን ቅጂ ጎን አድርጎ ቁጥሮቹን ይቍጠር። ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው አብዛኛውን ጊዜ የቃላት መለያው ነው፤ በዐረፍተ ነገር ማብቂያ የሚገኘው ደግሞ አራት ነጥብ። ከዚያ በኋላ ሥራው ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። የታተመ ቅጂም ከሌለ «ሪ»ን ከ«ሬ» የሚለይ እርግጠኛ መንገድ ማግኘት ያዳግታል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታዎች ሰጠ። በዚህ ሠንጠረዥ ዛሪማ 4827፣ 4650፣ 4635 ናት፤ ዛሬማ ከሆነች መካከለኛው 4652 ይሆናል።