የተሰበረውን ብቻ የሚያወጣ ብረት

ቆርቆሮ ክዳን ሲያፈስ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ሠራተኛው ይወጣል፣ ምስማሩን ይነቅላል፣ የዛገውን አንሥቶ አዲስ ይመታል። ምስማሩ ከላይ ስለሚታይ ሥራው አያስቸግርም። ባይታይስ? እያንዳንዱ ክዳን ከበላዩ ባለው ተሸፍኖ፣ አንዱን ለመቀየር ከጣሪያው አናት ጀምሮ ማውረድ የሚጠይቅ ቢሆንስ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ብዙ የብሪታንያ ቤቶች ጣሪያ እንዲህ ያለ ነው። የተከደኑት በስሱ በተሰነጠቀ ግራጫና ወይን ጠጅ መሰል ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ በሁለት ምስማር ይመታል፤ ቀጣዩ ረድፍ መጥቶ ምስማሩን ይሸፍነዋል። ከውጭ የሚታየው የድንጋዩ ግማሽ እንኳ አይሆንም።

ለዚህ ጣሪያ ጥገና የተሠራው መሣሪያ በጣም ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር አልፎ የሚረዝም ስስ የብረት ምላስ፣ ጫፉ ላይ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ የተቆለመመ ጥርስ፣ እጀታው ላይ ደግሞ በመዶሻ የሚመታ ክርን አለው። ሠራተኛው ምላሱን ከተሰበረው ድንጋይ ሥር ያስገባና ምስማሩን በዳበሳ ይፈልጋል። ጥርሱ ሲይዝለት ክርኑን ወደ ራሱ አቅጣጫ ይመታል፤ ምስማሩ ይቆረጣል ወይም ይነቀላል። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ የተሰበረው ድንጋይ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ጎረቤቶቹ ግን ንቅንቅ አይሉም።

አዲሱን ግን በምስማር መምታት አይቻልም፤ ቦታው ተሸፍኗል። ስለዚህ ከታች ባሉት ሁለት ድንጋዮች መካከል ባለው ክፍተት ቀጭን የመዳብ ወይም የእርሳስ ጥብጣብ ይመታል፣ አዲሱ ድንጋይ ወደ ላይ ይገፋል፣ የጥብጣቡ ጫፍ ተቆልምሞ ከታች ይይዘዋል። አለቀ።

የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ድንጋዩ አይደለም። ጥሩ ድንጋይ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ቀድሞ የሚያልቀው ብረት ምስማሩ ነው፤ ይዝግና ይበጠሳል፣ ጤነኛው ድንጋይም ተንሸራቶ ይወድቃል። የሙያው ሰዎች «የምስማር በሽታ» ይሉታል። እኛ አገር ጣሪያ ሲያፈስ ቤቱን ማፍረስ የሚወድ ፖለቲካ ስለለመድን (በ1983 ዓ.ም. አንድ ሙሉ ሠራዊት በጅምላ ሲበተን ያየን ሰዎች ነን) ምስማሩን ከድንጋዩ ለይቶ የሚያይ ሙያ መኖሩን ሳነብ ቆም ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

ድንጋዩ ከየት ይመጣል? ብዙው ከሰሜን ዌልስ። ከነዚያ ተራሮች ትልቁ የድንጋይ ካባ ፔንሪን ይባላል። ሥሩ ያለችው ከተማ ቤተስዳ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ጸሎት ቤት ነው፤ በዮሐንስ ወንጌል «ቤተ ሳይዳ» የምንላት መጠመቂያ ናት። ካባውን ከ1782 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው ያስፋፋው ሪቻርድ ፔናንት ሀብቱ ከጃማይካ የስኳር እርሻ፣ ማለትም ከባሪያ ጉልበት የመጣ ነበር። በፓርላማም የባሪያ ንግድ እንዳይቀር ተከራክሯል። ባርነት በሕግ ሲቀር ወራሹ 764 ሰዎችን ነፃ በመልቀቁ 14,683 ፓውንድ ካሳ ተከፈለው። ካሳው ለባለቤቱ እንጂ ለተለቀቁት አልነበረም።

የክዳን ድንጋዮቹ ስም ሳይቀር የጌቶች ቤት ይሸታል። እንደ መጠናቸው «ንግሥት»፣ «ዱቼስ»፣ «ካውንተስ»፣ «ሌዲ» ይባላሉ። «ዱቼስ» 61 በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ወይዛዝርቱን በመዶሻና በመሮ የሚሰነጥቋቸው ግን በጧፍ መብራት ከቤት የሚወጡ ዌልሽ ተናጋሪ ድሆች ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ተራ ቅጥረኛ አያዩም ነበር። ጥቂት ሆነው ይቡድኑና ከተራራው ገጽ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ድርሻ ይይዛሉ፤ በየወሩም ዋጋውን ከተቆጣጣሪው ጋር ይደራደራሉ። የአለቱን ጠባይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ክብራቸውም ይኸው ድርድር ነው። ሁለተኛው ሎርድ ፔንሪን ይህን ሊያስቀር፣ ትልልቅ ተቋራጮችን ሊያስገባ ፈለገ። የማኅበር መዋጮ በካባው ውስጥ መሰብሰብንም ከለከለ።

በኖቬምበር 1900 እ.ኤ.አ. ወደ 2,800 ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ወጡ። ለሦስት ዓመት አልተመለሱም።

ጌታው ታገሠ። በጁን 1901 ካባው ሲከፈት አራት መቶ ያህል ሰዎች ገቡ፤ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ የወርቅ ፓውንድ ተሰጣቸው። በዌልሽ «የጭራ ፓውንድ» ተባለ። በቤተስዳ መስኮቶች ላይ «በዚህ ቤት ከሃዲ የለም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱ የሌለበት መስኮት ምን እንደሚናገር መገመት አያቅትም። ወንድማማቾች ተኮራረፉ፣ ጸሎት ቤቶች ተከፈሉ፣ ብዙ ወንዶች ወደ ደቡብ ዌልስ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ተሰደዱ። ወደ ሥራ የተመለሱት ትሬጋርት በተባለች መንደር ጌታው ያሠራላቸው ቤት ገቡ። ሰውንም እንደ ክዳን ድንጋይ አንድ በአንድ መንቀል የሚቻል መስሎት ከነበረ፣ ተሳካለት ማለት ይቻላል፤ በኖቬምበር 1903 አድማው በሠራተኛው ሽንፈት አበቃ። ግን ገዢዎችም አልጠበቁም። በነዚያ ዓመታት የውጭ ድንጋይና የሸክላ ክዳን ገበያውን ወስዶ ነበር፤ ኢንዱስትሪው የቀድሞ ቦታውን መልሶ አልያዘም። ኩርፊያው ደግሞ ለልጅ ልጅ ተረፈ።

አቧራውስ? ድንጋዩ ሲሰነጠቅና ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ይበላል። በ1890ዎቹ በተካሄደ ምርመራ የካባ ሐኪሞች ለሠራተኛው ሕመም ምክንያት ያደረጉት ብዙ ተፈልቶ የሚጠጣውን ሻይ ነበር። አልቀለድኩም፤ ሻይ! የክዳን ድንጋይ ሠራተኞች ለሳንባ በሽታቸው ካሳ የሚያገኙበት ሕግ የወጣው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ ትልልቆቹ ካባዎች አብዛኞቹ ተዘግተዋል፤ ሳንባቸው የተበላው አብዛኞቹ ሰዎችም ሞተዋል። ለባሪያ ባለቤት ካሳ ለመክፈል የፈጠነ መንግሥት፣ አለቱን በእጁ ለሰነጠቀው ይህን ያህል መዘግየቱን አስተውሉ።

በጁላይ 2021 ዩኔስኮ የሰሜን ምዕራብ ዌልስን የክዳን ድንጋይ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የፔንሪን ካባ ዛሬም ይሠራል።

ብሪታንያ ያላችሁ አንባቢዎች፣ አሮጌ ሰፈር ስታልፉ ቀና በሉ። በአንዳንዱ የድንጋይ ክዳን ታችኛው ጫፍ ላይ ወደ ላይ የተቆለመመች ትንሽ የብረት ጥብጣብ ትታያለች። እዚያ ጋ አንድ ሰው መሰላል ላይ ሆኖ፣ ብረቱን ከሥር አስገብቶ፣ የማያየውን ምስማር ሲዳብስ ነበር።