ሐኪሙ ሕመምተኛ በሆነ ጊዜ፦ የመጠጥ ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር አጀማመር

ሐኪሞች መፍትሔ ካጡላቸው፣ ሕመምተኞቹ ግን እርስ በርስ በመረዳዳት መላ ከፈለጉላቸው ደዌዎች አንዱ የመጠጥ ሱስ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት በአሜሪካ አገር አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ሰካራምን ለማስተኛት ፈቃደኞች አልነበሩም። ገንዘብ ያለው በግል መታከሚያ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ስካሩ ሲበርድለት ይወጣል፤ ድኻው ግን ወደ እስር ቤት ወይም ወደ አእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ይላካል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ወደ መጠጣቸው ይመለሱ ነበር።

ሱሰኛ ሱሰኛን ይረዳዋል የሚለው ሐሳብ ቀደም ሲልም ተሞክሯል። በ1840 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በባልቲሞር ከተማ ስድስት ጠጪዎች መጠጥ ለመተው ቃል ተገባብተው ዋሺንግተናውያን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ አባላት አፈራ፤ ነገር ግን መጠጥ በሕግ ይከልከል አይከልከል በሚለውና በሌሎችም የጊዜው ክርክሮች ውስጥ በመግባቱ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ተዳከመ።

በዲሴምበር 1934 ሚስተር ቢል ዊልሰን የተባሉ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ባለሙያ በመጠጥ ምክንያት ሥራቸውንና ክብራቸውን አጥተው እንደገና ታውንስ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪማቸው ዶክተር ዊልያም ሲልክዎርዝ ሱስ የጠባይ ብልሹነት ሳይሆን ሕመም ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ሚስተር ዊልሰን በዚያው ሆስፒታል ሳሉ ብርቱ የመንፈስ ለውጥ አገኙ፤ አንድ የቀድሞ የመጠጥ ወዳጃቸው ባመለከታቸውም መንገድ ኦክስፎርድ ግሩፕ ከሚባለው የክርስቲያኖች ኅብረት ጋር ተቀላቀሉ። ከዚያ ወዲህ መጠጥ አልቀመሱም።

በሜይ 1935 ለንግድ ጉዳይ ኦሃዮ ውስጥ ወደምትገኘው አክሮን ሄደው ነገሩ ሳይሳካላቸው ቀረ። በሜይፍላወር ሆቴል አዳራሽ ብቻቸውን ቆመው ሳሉ በአንድ በኩል የመጠጥ ቤቱ ጨዋታ ይሰማል፤ በሌላው በኩል ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር አለ። በዚያች ሰዓት የተረዱት ነገር ለማኅበሩ መሠረት ሆነ፤ ይኸውም ሌላ ሱሰኛ ፈልገው ካላነጋገሩ ራሳቸው ተመልሰው እንደሚወድቁ ነው። ወደ አንድ ቄስ ደውለው ስሞች ተቀበሉ፤ ፍለጋውም ወይዘሮ ሄንሪዬታ ሳይበርሊንግ ዘንድ አደረሳቸው። ወይዘሮዋም በማግስቱ፣ ሜይ 12 ቀን፣ ከዶክተር ሮበርት ስሚዝ ጋር አገናኟቸው።

ዶክተር ስሚዝ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። ስለ አልኮል ጉዳት የሕክምና መጻሕፍት የሚሉትን ያውቃሉ፤ ዕውቀቱ ግን ከመጠጥ አላዳናቸውም። ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆይም ብለው የሄዱት ሐኪም እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ድረስ ሲነጋገሩ ቆዩ። እንግዳው አልገሠጿቸውም፤ የራሳቸውን ውድቀት ነገሯቸው እንጂ። ዶክተሩ በኋላ እንደ ጻፉት፣ ስለ ሱስ ከገዛ ኑሮው ተነሥቶ ያነጋገራቸው የመጀመሪያው ሰው ይህ ነበር። አንድ ጊዜ ዳግመኛ ከወደቁ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጡበት ቀን፣ ጁን 10 ቀን 1935፣ የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይከበራል።

ሁለቱ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ወደ አክሮን ከተማ ሆስፒታል ሄደው አልጋ ላይ የነበረ አንድ የሕግ ባለሙያ አነጋገሩ፤ እርሱም ሦስተኛው አባል ሆነ። በ1939 ማኅበሩ መጽሐፉን ሲያሳትም ከመጽሐፉ ርእስ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚለውን ስም ያዘ፤ ትርጉሙም ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሕሙማን ተቀባይ የነበሩት እኅት ኢግናሺያ የዶክተር ስሚዝን አንድ ሱሰኛ በሽተኛ “የጨጓራ ብግነት” ብለው መዝግበው አስተኙት። የሆስፒታሉ በር ለሱሰኛው የተከፈተው በሌላ በሽታ ስም መሆኑ የዘመኑን አመለካከት ያስረዳል። ዶክተር ስሚዝ በ1950 እስኪሞቱ ድረስ ከእኅት ኢግናሺያ ጋር ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ ሱሰኞችን ያለ ክፍያ እንደ ረዱ ይነገራል።

በማርች 1941 ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት የተባለው መጽሔት ስለ ማኅበሩ ሰፊ ጽሑፍ ካወጣ በኋላ 2,000 ያህል የነበሩት አባላት በዓመቱ መጨረሻ 8,000 ያህል ደረሱ። ማኅበሩ ግን የዋሺንግተናውያን ዕጣ እንዳይደርስበት ተጠነቀቀ። በ1950 በክሊቭላንድ ጉባኤ የጸደቁት ዐሥራ ሁለቱ ልማዶች በውጭ ክርክር መግባትንና ከውጭ ገንዘብ መቀበልን ከለከሉ። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ሆነ። በስብሰባው አባሉ የራሱን ታሪክ ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል። አዲስ የመጣው በችግር ሰዓት የሚደውልለት፣ ቀድሞት መንገዱን የያዘ ሰው ያገኛል።

የዚህ አሠራር ውጤት ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችንና 10,565 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ሕሙማንን በተደራጀ መንገድ ወደ ማኅበሩ የሚመራው ሕክምና ከመጠጥ ጨርሶ በመታቀብ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው ገልጿል። ሆኖም ስብሰባው የሐኪምን ሥራ አይተካም፤ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚመጣው መንቀጥቀጥና መቃዠት ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል ክትትል ያሻዋል።

የአክሮኑ ታሪክ ለሙያው የሚያስተላልፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ሚስተር ዊልሰን ሰው ያገኙት ብዙ በር በማንኳኳት ነው፤ ሕመምተኛ ሁሉ ግን ይህን ያህል ጽናት አይኖረውም። ስለዚህ ሱሰኛው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት የስብሰባውን ቦታና ሰዓት ነግሮ፣ ከአንድ ነባር አባል ጋር አገናኝቶ መሸኘት ከሕክምናው ሥራ እንደ አንዱ ሊቈጠር ይገባዋል።