የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን

በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ገጠር በ1854 እ.ኤ.አ. አንድ አነስተኛ ኮሌጅ ተመሠረተ። ዓላማው የትምህርት በር ለተዘጋባቸው ጥቁር ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርት መስጠት ነበር፤ በ1866 ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ባለቅኔው ላንግስተን ሂዩዝ በ1929፣ ናምዲ አዚኪዌና ተርጉድ ማርሻል በ1930፣ ክዋሜ ንክሩማ በ1939 ከዚሁ ተመረቁ። ማርሻል በ1935፣ ለጥቁሮች ዝግ የነበረውን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ከባልደረባቸው ጋር ተሟግተው ለአንድ ጥቁር ተማሪ አስከፈቱ፤ በ1967ም የጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኑ። አዚኪዌ የናይጄሪያ፣ ንክሩማ የጋና የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ፤ ንክሩማ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን በአዲስ አበባ ከመሠረቱት መሪዎች አንዱ ናቸው። እኛም የተማርን ሁሉ፣ በትምህርታችን ለማን በር እንደከፈትንበት ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል።