ውስጣዊ ብዙ ቁጥር (በሴማዊ ቋንቋዎች)

ውስጣዊ ብዙ ቁጥር የቃሉን ሥር ተነባቢዎች እንዳሉ ትቶ አናባቢዎቹን በመለዋወጥ የሚገኝ የብዛት ቅርጽ ነው። በግእዝ «ፈረስ» «አፍራስ»፣ «ሀገር» «አህጉር»፣ «ኮከብ» ደግሞ «ከዋክብት» ይሆናል። የዐረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት የነጠላው ቅርጽ ተሰብሮ ይሠራል በሚል «ጀምዕ አት-ተክሲር» ይሉታል። በትግርኛ፣ በትግረ፣ እንዲሁም በደቡብ ዐረቢያ በሚነገሩት እንደ መህሪና ሶቆጥሪ ባሉ ቋንቋዎችም ይገኛል።

አፈጣጠር

በግእዝ ከሚዘወተሩት ቅርጾች አንዱ ከፊት «አ» ጨምሮ ሁለተኛውን የሥር ፊደል ራብዕ ያደርጋል፦ ልብስ–አልባስ፣ ደብር–አድባር። ካዕብ የሚያደርግም አለ፦ አድግ (አህያ)–አእዱግ። አራት ተነባቢ ባላቸው ስሞች የመጀመሪያው ፊደል ግእዝ፣ ሁለተኛው ራብዕ ይሆናል፦ ድንግል–ደናግል፣ መልአክ–መላእክት። በመጨረሻው ምሳሌ እንደሚታየው መድረሻ ላይ «ት» ሊጨመር ስለሚችል «ውስጣዊ» የሚለው ስያሜ ሁሉንም አይሸፍንም። የትኛው ስም የትኛውን ቅርጽ እንደሚወስድ አብዛኛውን ጊዜ ከነጠላው መገመት አይቻልም፤ ተማሪው ከቃሉ ጋር አብሮ ይይዘዋል።

በዐረብኛ ወደ 30 የሚጠጉ ቅርጾች ይቆጠራሉ። ሥርዓቱ ዛሬም ሕያው ነው፤ ከአውሮፓ የተወሰዱት «ፊልም» እና «ባንክ» እንኳ «አፍላም» እና «ቡኑክ» ተብለው ይበዛሉ። ጆን ማካርቲና አለን ፕሪንስ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ብዙ ቁጥሩ ከሥሩ ብቻ ሳይሆን ከነጠላው ስም እንደሚነሳ አሳይተዋል። ለምሳሌ «ሚፍታሕ» (ቁልፍ) የመጨረሻ አናባቢው ረጅም ስለሆነ «መፋቲሕ»ም ረጅሙን ይይዛል፤ «መክተብ» (ቢሮ) ግን አጭር ስለሆነ «መካቲብ»ም አጭር ነው። ይህ የርዝመት ልዩነት በፊደላችን አይታይም።

የመነሻው ክርክር

ግእዝን፣ ዐረብኛንና የደቡብ ዐረቢያን ቋንቋዎች «ደቡብ ሴማዊ» ብሎ አንድ ላይ ለመመደብ ለረጅም ጊዜ ከቀረቡት ዋና ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ቅርጽ ነበር። ቅርጹ የእነዚህ ቋንቋዎች የጋራ አያት የፈጠረው ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የቋንቋ ሊቁ ሮበርት ሄትዝሮን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ተቃወመ። በእሱ አመለካከት ቋንቋዎች ከጥንት ወርሰው ያቆዩት ነገር የቅርብ ዝምድናን አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው አብረው የፈጠሩት ነው። ስለዚህ ዐረብኛን ከዕብራይስጥና ከአራማይስጥ ጋር በማዕከላዊ ሴማዊ ሥር መደበው።

ቅርጹ የቆየ ለመሆኑ ጥቂት ምልክቶች ይጠቀሳሉ። በዕብራይስጥ «ሜሌክ» (ንጉሥ) ሲበዛ «መላኪም» ይሆናል፤ ከ«-ኢም» ቅጥያ ሌላ በውስጡ «ኣ» ገብቶበታል። ጆሴፍ ግሪንበርግም በ1955 እ.ኤ.አ. ይህ «ኣ» ከሴማዊ ቋንቋዎች ውጭ በሰፊው የአፍሮ-እስያ ቤተሰብ እንደሚገኝ ጽፏል። ሆኖም ግእዝና ዐረብኛ «አፍዓል» የሚባለውን (እንደ «አፍራስ» እና «አፍላም» ያለውን) ቅርጽ ያን ያህል በተቀራረበ ሁኔታ መጋራታቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይመስልም። የሄትዝሮን ምደባ ዛሬ ብዙ ተከታይ ቢኖረውም ክርክሩ ተዘግቷል ለማለት ያስቸግራል።

በአማርኛ

አማርኛ ስሞቹን በ«-ኦች» ያበዛል፤ ውስጣዊው ቅርጽ በአብዛኛው ከግእዝ በተወሰዱ ቃላት ይገኛል፦ መጻሕፍት፣ አዕዋፍ፣ ደናግል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ብዙነታቸው ተዘንግቷል። «አህጉር» ዛሬ እንደ አፍሪካ ያለ አንድ ክፍለ ዓለም ነው፤ ሲበዛ «አህጉራት» ይባላል። «አርእስት» የ«ርእስ» ብዙ ቢሆንም ለአንድ ጽሑፍ ስም ሲውል ይታያል። «ነገሥታት» በብዙ ላይ ብዙ ነው፤ ማንም ግን እንደ ስህተት አይቆጥረውም። «መላእክቶች» የሚል ሰው ግን ይታረማል፤ ለምን አንዱ ተፈቅዶ ሌላው እንደሚነቀፍ ከልማድ በቀር ምክንያት ማግኘት ይከብዳል።

ረጃጅም፣ ጥቋቁር፣ አዳዲስ የሚሉት ቅጽሎች በውስጣቸው ራብዕ ቢኖራቸውም አንድ ተነባቢ ደግመው ስለሚሠሩ ለብቻቸው ቢታዩ ይሻላል።

በትግርኛ

ትግርኛም ውስጣዊውን ቅርጽ ይጠቀማል፦ ፈረስ–ኣፍራስ፣ ከልቢ (ውሻ)–ኣኽላብ። ከእነዚህ ጎን ለጎን እንደ «-ታት» ያሉ ቅጥያዎችም ያገለግላሉ።