መብረቅ የተጠለፈባት ጨርቅ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጀርመን ምድር ጦር ወታደር የየትኛው የጦር ክፍል አባል እንደነበረ ይለይ የነበረው የትከሻ ምልክቱን ጠርዝ በከበበው ቀለም ነበር። ነጩ የእግረኛ፣ ደማቁ ቀይ የመድፈኛ፣ ወርቅማው ቢጫ የፈረሰኛ፣ የሎሚ ቢጫው ደግሞ የመገናኛ ክፍል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህን ጨርቆች የሚሰበስቡ ሰዎች ዛሬም ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸግራቸው የመገናኛው ክፍል ምልክት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንደኛው ምክንያት ቀለሙ ነው። ፀሐይና ላብ፣ ከዚያም የሰማንያ ዓመት አቧራ የተፈራረቁበት የሎሚ ቢጫ ከፈረሰኛው ወርቅማ ቢጫ ጋር ይመሳሰላል። ከዚህም በላይ ቀለሙ ራሱ ታሪክ አለው። ከሂትለር መነሣት በፊት በነበረው ጦር የመገናኛ ክፍሉ ቀለም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነበር፤ የሎሚ ቢጫው የመጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። በአየር ኃይሉ ዘንድ ግን ቢጫው የበራሪዎች ሲሆን የመገናኛ ሰዎች ቡናማ ይለብሱ ነበር። ስለዚህ ቢጫ ሁሉ መገናኛ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት በግራ ክንድ ላይ የሚሰፋው መብረቅ ነው። በጥቁር አረንጓዴ ሞላላ ጨርቅ ላይ ተጠልፎ፣ በመገናኛ ክፍሉ ውስጥ ላሉት የሎሚ ቢጫ ይሆናል፤ በእግረኛ ሬጅመንት ውስጥ ሬዲዮ ለሚይዘው ግን ነጭ፣ በመድፈኛው ውስጥ ለሚሠራው ቀይ ነው። በዚህ ላይ የእጅ ጥልፍ፣ የመኪና ጥልፍና የሽመና ሥራ ሲጨመርበት አንዱ ምልክት ብዙ ይሆናል። ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ጥቁር አረንጓዴው መደብ በግራጫ ተተካ፤ ሱፉም በሰው ሠራሽ ጭረት እየተቀላቀለ ሳሳ። የጀርመን ኢኮኖሚ እንዴት እንደተዳከመ ለማወቅ ከቁጥር ሰንጠረዥ ይልቅ ይህችን ጨርቅ በጣት መዳሰስ ይበቃል።

ከ1940 ጀምሮ በምድር ጦሩ ስልክና ቴሌፕሪንተር ያንቀሳቅሱ የነበሩ ሴቶችም ይህንኑ ምልክት በመልበሳቸው ሕዝቡ «የመብረቅ ልጃገረዶች» ይላቸው ነበር።

አስመሳይ ሥራውም በዝቷል። ሰብሳቢዎች ጨርቁን በአልትራቫዮሌት መብራት ያዩታል፤ ክሩ ቢያበራ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው ይላሉ። ነገር ግን እውነተኛውም በዘመናችን ሳሙና ከታጠበ ያበራል። በእኔ አስተያየት ትልቁ ጉዳት ምልክቱን ከኮቱ ፈትቶ መሸጥ ነው፤ የስፌቱ ቀዳዳ፣ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ገበር፣ ሁሉም አብሮ ይጠፋል።

አንዳንዶች መብረቁን ከኤስ.ኤስ. ጥንድ ምልክት ጋር ያምታቱታል። የተለያዩ ናቸው፤ የመገናኛው መብረቅ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ይህ ማለት ግን ለባሹ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ የወረራውና የእልቂቱ ትእዛዝ ያለ ሽቦና ያለ ሬዲዮ አይተላለፍም ነበር። የዚሁ የመገናኛ አገልግሎት የበላይ አዛዥ ጄኔራል ኤሪክ ፌልጊበል በበኩሉ ሐምሌ 20 ቀን 1944 ሂትለርን ለመግደል በተደረገው ሙከራ ተካፋይ ነበር፤ የእርሱም ድርሻ የሂትለርን ማዘዣ ጣቢያ ከውጭ ግንኙነት መቁረጥ ነበር። ሙከራው ከሽፎ በመስከረም 4 ቀን 1944 በበርሊን ተገደለ። ጄኔራል በመሆኑ ይለብስ የነበረው የጄኔራሎቹን ቀይ እንጂ የሎሚ ቢጫ አልነበረም። ከ1955 ወዲህ የተቋቋመው አዲሱ የጀርመን ጦር የሎሚ ቢጫውን ለመገናኛ ክፍሉ መልሶ ሰጠው፤ በባቫሪያ ፖኪንግ ያለውን የጦር ሰፈርም በፌልጊበል ስም ሰየመው።